ሰኞ ሰኞ የሚበራው መብራት

አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጌ መኪናም ነበረችው። ሀብታም ነበረ ልልሽ ነበር፤ አልነበረም። ያለችው ያቺ መኪና ብቻ ነበረች።

አስካለ፣ ጥያቄሽን የሸሸሁ አይምሰልሽ። በምትመሪው ትምህርት ቤት የአንድ መምህር ክፍል በፈተና ውጤት ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ ስለ ተገኘ፣ «መምህሩን ከሥራ ላሰናብተው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ እየተናገረ ሌላ ምን ምስክር እጠብቃለሁ?» ብለሽም ጨመርሽ። መምህሩን አላውቀውም። በማላውቀው ሰው ልፈርድበትም ላማልደውም አልችልም። ስለዚህ ስለ መኪናዋ ልንገርሽ።

ሰውየው ታናሽ ወንድም ነበረው። ይህ ታናሽ ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ ሥራ ግን አልነበረውም። ታላቅየው መኪናዋን ሰጠው። ሰጠው ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተሳፋሪ እያመላለሰ እንዲኖርባት ፈቀደለት። እሑድ መኪናዋ ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች። እርሱም ቤተ ክርስቲያን ይስምባታል፣ ዘመድ ይጠይቅባታል፤ ወደ ማታ ደግሞ አሳጥቦ ለወንድሙ ያስረክባታል። ሲያሳጥባትም ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን ጭምር ነበር። ወንድሙ ሳምንቱን በንጹሕ መኪና እንዲጀምር ይፈልግ ነበር።

መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ ማርሹን የሚቀይረው ሹፌሩ ሳይሆን ካምቢዮው ራሱ ነው። አንድ ሰኞ አቀበት ላይ ማርሽ አልቀይርም አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ታዘግማለች፤ ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫ መብራት በራ። ታናሽየው ለወንድሙ ነገረው። ታላቅየው እሑድ ሲነዳት ግን ምንም አልሆነችም፤ መብራቱም ጠፍቶ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ያዛት፤ እሑድ እንደገና ደኅና ሆነች። እንዲህ እያለ ሰነበተ።

ታላቅየው ማንበብ የሚወድ ሰው ነበርና ወደ ጋራዥ ከመሄድ ይልቅ የመኪና ኮድ ማንበቢያ አገኘ። በመዳፍ የምትያዝ መሣሪያ ናት፤ ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ጋር ስትገናኝ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን ብልሽት በቁጥር ታሳያለች። መብራቱ ቢጠፋም ቁጥሩ ተመዝግቦ ይቆያል። ሰካት፤ ቁጥር አወጣች። የቁጥሩን ትርጉም በስልኩ ፈለገ፤ ካምቢዮው ማርሹን በትክክል አልያዘም ይላል። ከሥሩ ሰዎች የጻፉትን ተመለከተ። አንዱ «ካምቢዮው ተቃጥሏል» ይላል፤ ሌላው «አያያዝ የማያውቅ ሹፌር እጅ ሲገባ እንዲህ ይሆናል» ይላል። ማንበብ የሚወደው ሰው ከዚህ በላይ አላነበበም።

በዚያው እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ ለምሳ እናታቸው ቤት ተሰብስቦ ነበር። ታላቅየው ስልኩን አውጥቶ አሳየ።

«በእኔ እጅ ደኅና ናት፤ በአንተ እጅ ትታመማለች። ይኸው ማሽኑም ተናገረ። አቃጠልካት!»

«ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት ገና ከቤት ስወጣ እኮ ነው የሚይዛት። ምኑን ነዳኋትና ነው የማቃጥላት?»

«ከማሽን ጋር ትከራከራለህ?»

«ማሽኑ መቼ ስሜን ጠራ? የጠራኸው አንተ ነህ።»

«ኧረ እባካችሁ፣ ምሳው ይቅደም» አሉ እናትየው።

ታናሽየው ግን በእርሱ ዘንድ የነበረውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሚስቱንም «ተነሺ፣ ልጆቹን ያዢ» ብሎ ወጣ። ታላቅየውም አልጠራውም።

ያን ዕለት ማታ ታላቅየው በማንበቢያዋ የተመዘገበውን ቁጥር አጠፋ፤ መኪናዋንም እንደ ልማዱ አሳጠበ። በማግስቱ ራሱ እየነዳ ወደ ሥራው ወጣ። አቀበቱ መሐል ሲደርስ መኪናዋ ማርሽ አልቀይርም አለች። ሞተሩ ጮኸ፤ ቢጫው መብራት በራ። ከኋላው ያለው ታክሲ ክላክሱን ያንባርቅ ጀመር፤ ረዳቱም በመስኮት ብቅ አለ።

«ፋዘር፣ ማርሽ ቀይር እንጂ!»

«አውቶማቲክ ናት!»

«ታዲያ እሷ እስክትቀይር ቁርሳችንን በልተን እንመለስ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ታላቅየው እንደ ምንም ብሎ ዳር ያዘና ማንበቢያዋን ሰካ። ያው ቁጥር ነው። የድሮውን ትናንት አጥፍቶታልና፣ ይህኛው የራሱ ነው።

እንደገና ማጥፋት ይችል ነበር። ጣቱንም ማጥፊያው ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ። መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቢጫነው ኖሮ ማንም አያውቅበትም፣ ወንድሙም አቃጣይ እንደ ተባለ ይቀር ነበር። አልተጫነውም። ለወንድሙ ደወለ።

«ቁጥሩ ተመልሶ መጣ» አለው።

«ማን ነበር የሚነዳት?»

«እኔ» አለ ታላቅየው።

«እንግዲያው ቁልፉን ከራስህ ተቀበላ!» አለና ታናሽየው ስልኩን ዘጋበት። ዘጋበት፤ ነገር ግን መጣ።

አብረው መካኒክ ዘንድ ወሰዷት። መካኒኩም የራሱን ማንበቢያ ሰክቶ ያንኑ ቁጥር አየ። ካየ በኋላ መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ ሁለቱ ዞረ።

«መቼ መቼ ነው የሚይዛት?»

«ሰኞ። ቢበዛ እስከ ማክሰኞ። ከዚያ በኋላ ይተዋታል» አለ ታናሽየው።

«እሑድ ምን ታደርጓታላችሁ?»

ታላቅየው «ምንም» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። «አሳጥባታለሁ» አለ። «ሞተሩንም ጭምር።»

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከኮምፒውተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄዱት ሽቦዎች የሚሰኩበትን ቦታ ሲነቅለው ውኃ ጠብ አለ። ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለው ላስቲክ በእርጅና ተሰንጥቆ ነበር። እሑድ የሚረጨው ውኃ በስንጥቁ ይገባል፤ በሞተሩ ሙቀት እየደረቀ ሄዶ ቢበዛ እስከ ማክሰኞ ያልቃል። ውኃው እስኪደርቅ ድረስ የኮምፒውተሩ ትእዛዝ ካምቢዮው ዘንድ በትክክል አይደርስም። የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ሰኞን የሚያውቀው አንደኛው ወንድም፣ እሑድን የሚያውቀው ሌላኛው ነበር፤ ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ ያስቀመጠ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልተገኘም።

ላስቲኩ ተቀየረ፤ መኪናዋም ዳነች። ታናሽየውም ቁልፉን ተቀበለ። ተቀበለ ስልሽ በዚያው ቀን እንዳይመስልሽ። ወንድሙ ቁልፉን ሲዘረጋለት እጁን ከኪሱ አላወጣም። ታላቅየው እናታቸው ቤት፣ ያው ቤተሰብ ተሰብስቦ ሳለ፣ «መኪናዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ስምህንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ» እስኪለው ድረስ ታናሽየው ያለ ሥራ ቤቱ ተቀመጠ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ አስካለ። የፈተናው ውጤት ያቺ ማንበቢያ ናት። አልዋሸችሽም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በትክክል ያልያዘ ነገር አለ። አጥፊው መምህሩ ነው የሚለውን ግን ቁጥሩ አልነገረሽም። እርሱን የጨመርሽው አንቺ ነሽ። ጨመርሽ ማለት ከበደ መሰለኝ፤ ቸኩለሽ አነበብሽው ልበል። አይ፣ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ጨመርሽ።

እንግዲህ መምህሩን ለብቻው ጥሪውና ነገሩ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ጠይቂው። ከክፍሉም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሲያስተምር እይው። ከዚያም ራስሽን ጠይቂ፤ ዘንድሮ ተማሪዎቹን በየክፍሉ የደለደለው ማን ነው? ከሌላ ትምህርት ቤት ወድቀው የመጡትን ልጆች፣ «እርሱ ታጋሽ ነው፣ ይችላቸዋል» ብሎ ሰብስቦ ለዚህ መምህር የሰጠ ሰው አለ? ላይኖር ይችላል። ሰውየው በእርግጥ ሥራውን የማይሠራ ሆኖ ቢገኝ አሰናብቺው፤ እኔም አልከለክልሽም።

ፊትሽ ተለወጠ። ልጆቹን የደለደልሽው አንቺ ራስሽ ከሆንሽ ለእኔ አትንገሪኝ፤ ለእርሱ ንገሪው። ውጤቱን በመምህራን ስብሰባ ላይ ስሙን ጠርተሽ አንብበሽበት ከሆነም፣ ቢሮሽ ጠርተሽ አትንገሪው፤ እዚያው ስብሰባ ላይ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ንገሪው።