ጉልበቱ የተንቀጠቀጠው አሻጋሪ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ አያልነህ።

ትርሲት የጠየቀቻቸው ግን ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሷ ነበር። ዮጋ ማስተማር ከጀመረች ገና መንፈቅ አልሞላትም። የዚያን ዕለት ግድግዳው ሙሉ መስተዋት በሆነው አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ለተማሪዎቿ ስታሳይ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠና ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ትምህርቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን፣ ምንጣፎቹን ጠቅልላ ከጨረሰች በኋላ ስልኳን አወጣች። ለአዳራሹ ባለቤት ደውላ «በቃኝ፣ ሌላ አስተማሪ ፈልጉ» ልትል ነው።

ጋሽ አያልነህ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በገጠር ትምህርት ቤት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸውን ቢያማቸው ሐኪም ዮጋ ያዘዘላቸው ሽማግሌ ናቸው። ትርሲት ከመደወሏ በፊት ዘወር አለችና «ጋሽ አያልነህ፣ እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ፊት ሲቆሙ ፍርሃቱን እንዴት አድርገው አጠፉት?» አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ተጠይቀው ቀጥ ያለ መልስ ሰጥተው አያውቁም። «ስልኩን አስቀምጪና አጠገቤ ቁጭ በይ» አሏት። ከዚያም ቀጠሉ።

ሰውየው ሥራው ሰው ማሻገር ነበር። አገሩ ድልድይ የለውም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ገበያው ማዶ ነው፣ ደብሩ ወዲህ ነው፤ ዘመድም ግማሹ ወዲያ ግማሹ ወዲህ ነው። ስለዚህ ክረምት ከክረምት መሻገሪያው ላይ አንድ አሻጋሪ ይቆማል። አሻጋሪ ዋናተኛ ማለት አይደለም። ዋናተኛ የሚያወጣው ራሱን ነው። አሻጋሪ ግን ረጅም ዘንግ ይዞ ፊት ፊት እየገባ፣ ጥልቁን እየለየ፣ ከኋላው የሚከተለውን መንገደኛ በእግሩ አስረግጦ ማዶ ያደርሰዋል።

ከእሱ በፊት የነበሩት አሻጋሪ ስማቸው በአገሩ የታወቀ ሽማግሌ ነበሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ዘንጉን ለዚህ ሰው አስረከቡት።

ሰውየው ወንዙን ያውቀዋል፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ዳር ነው። የከበደው ሰዉ ነው። መንገደኛው መሻገሪያው ላይ ተሰብስቦ ዓይኑን ሲጥልበት ጉልበቱ ቄጤማ ይሆናል። ሁሉም በሆዱ «ሽማግሌው ይሻሉ ነበር» የሚል ይመስለዋል። አንዳንዱም በርግጥ ይል ነበር፤ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ምን ሌላ ሥራ አለው። ዘንጉን ለሌላ ይስጡልን ብለው የአገር ሽማግሌዎች ፊት አቤት ይሉብኛል ብሎም ይሰጋል። ይባስ ብሎ ደግሞ የቀድሞው አሻጋሪ ቤታቸው አርፈው አልተቀመጡም። በየቀኑ ይመጡና ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። አንድ ቃል አይናገሩም። ሰውየው ውሃው ውስጥ ሆኖ ዓይናቸው ጀርባውን ሲበላው ይውላል።

ታዲያ ምን ዘየደ? ሽማግሌውን ለመሆን ቆረጠ። የሚሉትን ሁሉ ቃል በቃል አጠና። የመጣውን መንገደኛ ሁሉ «ውሃውን አትይ፣ ያዞርሃል። ማዶ ያለችውን ሾላ እይ። እግርህን አታንሣ፣ ጎትት» ይለዋል። ለረጅሙም ያው ነው፣ ለአጭሩም ያው ነው። ነፍሰ ጡር ብትመጣ ያው ነው፣ በሬ የሚነዳ ቢመጣ ያው ነው። ሽማግሌው የወንዙ መሃል ሲደርሱ ጉሮሯቸውን የመጥረግ ልማድ ነበራቸው፤ ዕድሜ ልኩን ብርድ የጠጣ ደረት ነው፣ አይፈረድባቸውም። ይኼኛውም መሃል ሲደርስ ይጠርጋል። ጉሮሮው ግን ምንም የለበትም።

አንድም ቀን ወደ ኋላ ዞሮ አያይም። የሚያየውን ፊት ይፈራዋላ። የሚከተለው ሰው ቢንገዳገድ፣ ቢያለቅስ፣ ከገበያ የገዛው ዶሮ ቢያመልጠው እሱ አያውቅም፤ ዓይኑን ሾላዋ ላይ ተክሎ ያጠናውን ያነበንባል። ክፉ ነገር ያልገጠመው ዕድለኛ ስለነበረ ነው። እሱ ግን ዕድሉንም አላመሰገነም። ጠዋት ጠዋት ዘንጉን ሲያነሣ «ዛሬ ሳይነቃብኝ አይቀርም» እያለ ነው የሚወጣው።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ መሻገሪያው በሰው ሞልቶ ሳለ አንዲት ባልቴት ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ እየቆረቆሩ መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ ነው። ማዶ ያለች ልጃቸው ወልዳ ክርስትናው በማግስቱ ነበር። «የመጀመሪያው የልጅ ልጄ ነው፤ ስም የማወጣለት እኔ ነኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከተራራው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የወንዝ ዳር ሰው ይኼን ያውቃል፤ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም እዚያ ላይ ከዘነበ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ደራሽ ከመጣ ደግሞ መሻገሪያው ሰንበትበት ሳይል አይከፈትም። ባልቴቲቱ አሁኑኑ ካልተሻገሩ ክርስትናው ያመልጣቸዋል። ተሻግረው መሃል ላይ ደራሹ ከደረሰባቸው ደግሞ ለሁለቱም አይበጅም።

ሰውየው ዘንጉን ያዘ። የነጠላውን ጫፍ አስይዟቸው ፊት ፊት ገባ። ጥቂት እንደሄዱ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ልማዱ ጀመረ።

«ውሃውን አይዩ፣ ያዞርዎታል። ማዶ ያለችውን ሾላ ይዩ።»

ዳር ካለው ሰው አንዱ ፈነዳ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ዳሩ በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ባልቴቲቱም ሳቁ። «ባየኋት ደስ ባለኝ ልጄ» አሉ። «እስቲ አንተ እይልኝ፤ ምን የመሰለች ሾላ ናት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ውሃ ውስጥ ነውና መሬቷም እሩቅ ሆነችበት። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፣ ይኸው ደረሰ። ቃሉም አለቀበት። ሽማግሌው ዓይነ ስውር ሲያሻግሩ ሰምቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚሉ አላጠናም። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጡም በነጠላው ጫፍ አድርጎ ባልቴቲቱ እጅ ላይ ደረሰ።

«ትንቀጠቀጣለህ» አሉት።

ብርድ ነው ሊላቸው አሰበ። ከዚያ ተወው። ማየት ለማይችል ሰው ፊት ማሳመሩ ምን ይጠቅማል? «አዎ እማማ» አለ። «ሰዉ ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። ፈርቻለሁ።»

«ወንዙን ታውቀዋለህ?»

«ወንዙንማ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ተንቀጥቀጥ» አሉ ባልቴቲቱ። «የአንተ ጉልበት ለኔ ምኔ ነው? ይልቅ ይኼን ጨርቅ ተወውና እጄን ያዘኝ። እጄን ብቻ አትልቀቅ።»

ሰውየው ያን ጊዜ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። የሽማግሌውን ዘንግ ወደ ዳር ወረወረው። ሁለቱንም እጃቸውን ያዘ። ከውሃው መምጫ በኩል ዞሮ ቆመና፣ ወራጁን በገዛ ገላው እየሰበረላቸው፣ ፊቱን ወደ ፊታቸው መለሰ። አሻጋሪ ከሆነ ጀምሮ የመንገደኛ ፊት ውሃ ውስጥ ሲያይ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ያየው ነገርም አስደነገጠው። ባልቴቲቱ ያን ሁሉ ሲቀልዱ ቆይተው ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ከንፈራቸው ተገጥሟል፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጥቷል። ውሃ የገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ይሆን ነበር ለካ። ስንቱን ሰው ትንፋሹን እንደያዘ ማዶ አድርሶት ይሆን?

«ይተንፍሱ እማማ» አላቸው። ይኼን ቃል ከማንም አላጠናውም። «ትንፋሽዎን ይዘውታል፤ ይልቀቁት። እንደሱ። አሁን የረገጡት አሸዋ ነው፣ ይሰምጣል እንጂ አይጥልም። አሁን ከቀኝዎ ድንጋይ አለ፣ በእግርዎ ይንኩት። አገኙት? እሱን ተደግፈው ይለፉ። አሁን ውሃው ወገብዎ ድረስ ይመጣል፤ እዚያ ደርሶ ይመለሳል፣ ከዚያ በላይ አይወጣም።»

ባልቴቲቱ የነገራቸውን ይረግጣሉ፤ እሱም የረገጡትን እያየ የሚቀጥለውን ይነግራቸዋል። ትከሻቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። አንዴ እግራቸው ሲያዳልጣቸው እሱም አብሮ ተንገዳገደ፤ ግን እጃቸውን አልለቀቀም፣ ቆም ብለው አብረው ተነፈሱና ሄዱ። ዳር ያሉት ይሳቁ አይሳቁ አልሰማም። ውሃው ከጉልበታቸው በታች ሲወርድ ነው የራሱ ጉልበት ትዝ ያለው። መንቀጥቀጡን ትቷል። መቼ እንደተወ ቢጠይቁት አያውቅም። ጉሮሮውንም አልጠረገም።

ማዶ ሲወጡ እጃቸውን ወስዶ የሾላዋ ግንድ ላይ አሳረፈላቸው። «ይቺ ናት ሾላዋ» አለ። ባልቴቲቱ ዳበሷት። «ያን ያህል የምታስወራ አይደለችም» አሉና «እፎይ» ብለው ሥሯ ተቀመጡ። «እንዳሻገርከኝ እግዜር ያሻግርህ» ብለው መረቁት። እሱም ጎናቸው ተዘረጋ። አሻጋሪ ከሆነ ጀምሮ እንዲህ ያለ እፎይታ ተሰምቶት አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ከተራራው በኩል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ደራሹ ግንድና ጭቃ እየገፋ በፊታቸው አለፈ። ሰውየው መመለሻ ስላጣ ክርስትናው ላይ ታደመ። ልጁንም አያቱ አሻግሬ አሉት።

ውሃው ሲጎድል ወደ ወዲህኛው ዳር ተሻገረ። ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው ድንጋዩ ላይ ናቸው፤ ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። ሰውየው ፊታቸው ቆሞ «ያን ቀን ዘንግዎን በመወርወሬ ተቀየሙኝ?» አላቸው።

«ወረወርከው እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ረስተኸው የሄድክ መስሎኝ ነው ያነሣሁት።»

«አላዩኝም?»

«የት አይሃለሁ? እኔ እኮ የማየው ተራራውን ነው። ደራሹ ሲመጣ ማን ይጮህልሃል ብለህ ነው በዚህ ብርድ እዚህ ድንጋይ ላይ የምቀመጠው?»

ሰውየው ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ክረምቱን ሙሉ ጀርባው ላይ ተሸክሞት የዞረው ዓይን ለካ ተራራ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ይዞ ገባ እንጂ አልጣለውም፤ ጠቃሚ ዘንግ ነው። ግን እየዞረ ያይ ነበር። የሚናገረውንም ከሚያየው ሰው ላይ ነበር የሚያገኘው።

ጋሽ አያልነህ እዚህ ሲደርሱ ቆም አሉና ወደ ትርሲት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አሻጋሪው አንቺ ነሽ። ወንዙ ይኼ የምታስተምሪን ነገር ነው፤ ተምረሽዋል፣ ታውቂዋለሽ። ሽማግሌው ያስተማሩሽ ሰዎች ናቸው፤ ቃላቸው ደግ ነው፣ ግን የነሱ ቃል ነው። ባልቴቲቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬ "ግንባራችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ" አልሽን። የኔ ግንባርና ጉልበት ከተኳረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው። ዞር ብለሽ ብታዪኝ ትንፋሼን ይዤ ፊቴ ቀልቶ ታገኚኝ ነበር። አንቺ ግን መስተዋቱ ውስጥ የገዛ ጉልበትሽን ትጠብቂ ነበር።»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። «የሳቀብኝ ሰውስ?» አለች።

«ማን ሳቀብሽ? ጎኔ የነበረው ሰውዬ ነው፣ ከአንቺ ቀድሞ እሱ ወድቆ በራሱ ሳቀ። አንቺን ማን አየሽ? ሁላችንም የየራሳችንን እግር ስናድን ነበር።»

ትርሲት መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ መያዙን ተወችው። ሳቋ ባዶውን አዳራሽ ሞላው። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ተቋጥሮ የዋለው ትንፋሽ አብሮ ወጣላት። ስልኩን ሳትደውል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ፍርሃቱን እንዴት አጠፉት ነበር ያልሽኝ» አሉ ጋሽ አያልነህ ግድግዳውን ይዘው እየተነሡ። «አሻጋሪው አጠፋው አላልኩሽም። የሰው እጅ ሲይዝ ረሳው ነው ያልኩሽ። በይ ነገ ወንበር አቅርቢልኝና የምችለውን ያህል ጎንበስ አድርጊኝ። ብትንቀጠቀጪም ለኔ ምኔ ነው፤ እጄን ብቻ አትልቀቂ።»