ደንገጎ ላይ የፈነዳው ጎማ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሰው ለዓይን የሚታየውን አሳምሮ የማይታየውን ሲተው የሚተረትበት አንድ አባባል አለ፤ መነሻውም ከእኛው ቤት ነው። ጋሽ መኩሪያ አርባ ዓመት በመኪና ሆድ ሥር ተጋድመው የኖሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ መካኒክ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ናትናኤል ግን መስተዋት ባየ ቁጥር ኮሌታውን የሚያበጅ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነበር።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ናትናኤል የመኪናውን አካል ከጎማዎቹ በላይ የሚሸከሙትን ሞላዎች አስቆርጦ፣ መሬት ልትልስ እስክትደርስ ዝቅ አደረጋት፤ ሙሽራይቱን ሶስናን ከሐረር የሚያመጣት በእርሷ ነውና። ጋሽ መኩሪያ ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን አዩ።

«አላይመንት አስለካህ?»

«ትንሽ ወደ ቀኝ ትስባለች እንጂ ደኅና ናት፣ ጋሼ። ሞላው እስኪለምድ ነው።»

«ሞላ ሙሽራ ነው እንዴ የሚለምደው?»

ናትናኤል ስቆ አለፈ። የጎማዎቹን አቋም፣ አላይመንቱን ሳያስለካ፣ ጠምሞ የታየውን መሪ ብቻ ነቅሎ፣ ቀጥ አድርጎ መልሶ አሰረው።

ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀር፣ አክስቱ እኔና ጋሽ መኩሪያ በዚያችው መኪና አብረነው ሐረር ጥሎሽ አድርሰን ተመለስን። ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት ስንጀምር ገደሉ በስተቀኛችን ነበር።

«መሪህ ቀጥ ብሏል፤ መኪናዋ ግን ወደ ገደሉ ታደላለች» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «ቀስ በል!»

«ይዣታለሁ፣ ጋሼ!»

መሪውን ግን በሁለት እጁ ወደ ግራ ይጎትት ነበር። በሦስተኛው ጠመዝማዛ የፊት ቀኙ ጎማ አፏጨ፤ ወዲያው ፈነዳ። መኪናዋ ወደ ጠርዙ ተወረወረች።

«ፍሬን አትርገጥ! መሪውን ጨብጥ!» ጮኹ ጋሽ መኩሪያ።

ሆዷ አስፋልቱን እየፋቀ ሄዳ ሄዳ፣ ወደ ጠርዙ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ጋሽ መኩሪያ ወርደው የናትናኤልን እጅ ያዙና ጎማው ላይ አስዳሰሱት። በውጭ በኩል ገና አዲስ ነበር፤ በውስጥ በኩል ግን እስከ ሽቦው ተበልቷል።

«ሶስናን ነበር እዚህ የማስቀምጣት» አለ ናትናኤል፣ ከፈነዳው ጎማ አጠገብ ያለውን ወንበር እያየ።

ቤት ስንደርስ ጋሽ መኩሪያ ድንኳን የሚተክለውን ዘመድ ሳይቀር ሰበሰቡ። «ይህች መኪና አላይመንቷ ተለክቶ፣ እኔ ራሴ ደንገጎን ወርጄ እስካልፈተንኳት ድረስ ሙሽራ አትጭንም። ሶስና በእኔ ፔጆ ትመጣለች።»

«በዚያ አሮጌ?» አለች የናትናኤል እናት። «ኧረ ጋሼ፣ ሰው ምን ይለናል?»

ጋሽ መኩሪያ የናትናኤልን መኪና ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሰውማ እንዲህ ይበል፦ ቁመት ያሳጠረ፣ እግር ያስተካክል!» አሉ።