የላይኛው ምንጭ ዘንዶ

በዚያ ጫካ ሕግ ነበር፤ ሕጉም ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሬዛ ከዋርካው ጫፍ ላይ ሆና ሳትጣራ ማንም ውሃ አይወርድም። እሷ መንገዱ ደህና ነው ካለች ይወረዳል፤ ክፉ ነገር አለ ካለች ይቀራል። ንጉሡ አንበሳም ከዋሻው ደጃፍ ማለፍ ካቆመ ብዙ ክረምት ስላለፈው፣ አገሩን የሚያስተዳድረው ጉሬዛ የምትለውን እየሰማ ነበር። እንስሳቱ ደግሞ እሷ ያለችውን ንጉሡ ሲደግመው ይበልጥ ያምኑታል። እንዲህ ሆኖ አንድ ወሬ ከዋርካው ወደ ዋሻው፣ ከዋሻው ወደ ሜዳው ዞሮ ሲመለስ ሦስት ምስክር ያለው ይመስል ነበር።

እመት ጉሬዛ በሥራዋ ትኮራለች፤ ጥቁርና ነጭ ካባዋን የምታየው እንደ ሹመት ልብስ ነው። አገር ሁሉ እያወቀው ማንም የማያነሳው አንድ ነገር ግን ነበር። ጉሬዛ ውሃ አትወርድም። ጥሟን የምትቆርጠው በቅጠልና በጤዛ ነው። ስለዚህ ስለ ውሃው የምትናገረው ሌሎች ከዛፉ ሥር መጥተው የነገሯትን ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚነግራት ደግሞ አያ ጅቦ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልዋሻትም፤ የሚዋሽበት ቀን ገና አልደረሰም ነበር።

ያ ቀን በበጋው መካከል ደረሰ። አገሩ ሁለት ውሃ ብቻ ቀርቶታል፤ አንዱ ሜዳ ላይ ያለው የላይኛው ምንጭ፣ ሌላው በሁለት ገደል መካከል በጠባብ መተላለፊያ የሚደረስበት የታችኛው ኩሬ። ጎህ ሲቀድ አያ ጅቦ ከዋርካው ሥር መጣና በላይኛው ምንጭ ዘንዶ ገብቷል መባሉን ነገራት። በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔማ ምን አየሁ፣ እመት ጉሬዛ? አገር የሚለውን ነው የምነግርሽ» አላት። «ብትተዪውም ያንቺ ፈንታ ነው። ነገ አንድ ነገር ቢደርስ ግን አልሰማሁም እንዳትዪ።»

ፈራች፤ ተጣራች። ንጉሡ ሰማና የላይኛው ምንጭ እንዲዘጋ አዘዘ። እንስሳቱም ንጉሡ ካዘዘማ ዘንዶው አለ ማለት ነው አሉ። በማግስቱ ጅቦች «የመንገድ ጠባቂዎች ማኅበር» የሚባል አቋቁመው፣ በጠባቡ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ቆመው ለማገልገል ፈቃድ ጠየቁ። ደመወዝ እንደማይፈልጉም ገለጹ። ንጉሡ የአገር ፍቅራቸው ልቡን ነክቶት ፈቀደላቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ታችኛው ኩሬ ከሚወርደው ሰልፍ ኋላ የሚቀሩት መጥፋት ጀመሩ። ማኅበሩ በየጊዜው ሐዘኑን እየገለጸ፣ ዘንዶው እስከ መተላለፊያው ድረስ እየመጣ እንደሚወስዳቸው ለጉሬዛ ይነግራታል፤ እሷም ይህንኑ ትጣራለች። በዘጠነኛው ቀን የእመት ከርከሮ ትንሹ ልጅ ጠፋ። አራቱ ግልገሎች ጭራቸውን ቀጥ አድርገው በተርታ እናታቸውን ሲከተሉ ጉሬዛ ከላይ ሆና ማየት ትወድ ነበር። ያን ቀን የተመለሱት ሦስት ናቸው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ እሷ ግን ሥሩንም ጥሩንም አይታ አታውቅም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋርካው ወረደች። መሬቱ ለእግሯ እንግዳ ነበር። ኮሽ ባለ ቁጥር እየደነገጠች ሜዳውን አቋርጣ ከምንጩ ዳር ደረሰች። ውሃው ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ ጥሩ ነበር። ዙሪያውን ፈለገች፤ የዘንዶ ፈለግ ቀርቶ የእንሽላሊት ፈለግ አልነበረም። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በዚያው ቀን ጉባኤ እንዲጠራላት ንጉሡን ለመነች። እንስሳቱ በተሰበሰቡ ጊዜ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ ሳታይ መጣራቷ ጥፋቷ መሆኑንም አልደበቀችም። ከዚያ ጎሽ ተነሣና ዘንዶውን በዓይኑ እንዳየው፣ ውፍረቱም የእሱን አንገት እንደሚያህል መሰከረ። ዝንጀሮ ቀንድ እንዳለው ጨመረ። ጃርት ቀንዱ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አረመ። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለጎረቤቱ አየሁ ሲል የከረመ ሁሉ፣ በጉባኤ ፊት አላየሁም ማለት አቃተው።

ጅቦች አንድ ቃል አልተናገሩም። አያ ጅቦ መሬት መሬቱን እያየ በትሕትና ተቀምጧል።

ጉሬዛ የቀራትን ተስፋ ይዛ ወደ ከርከሮ ዞረች። «አንቺ እንኳ ፍረጂ፣ እመት ከርከሮ። ምንጩ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም የለም። የቀሩልሽን ሦስቱን ነገ በሜዳው በኩል ውሰጃቸው።»

ከርከሮ ሦስቱን ልጆቿን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«ዘንዶ ከሌለ፣ ልጄን በእግሩ እየነዳሁ ለጅብ ያስረከብኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች። «ይህን ተሸክመሽ ኑሪ ነው የምትዪኝ? ዘንዶው አለ። አይቼዋለሁ። ልጄን ሲወስደው በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ጉባኤው አብሯት አዘነ። ንጉሡም የእናት ምስክርነት ከሁሉ እንደሚበልጥ ተናግሮ፣ ምንጩ እንደተዘጋ እንዲቆይ፣ የመተላለፊያው ጠባቂዎችም በእጥፍ እንዲጨመሩ ፈረደ። ጉሬዛን አልቀጣትም፤ ስለ ቀድሞ አገልግሎቷ ይቅርታ አደረገላት።

በማግስቱ ጠዋት ጉሬዛ ዋርካው ላይ ወጥታ ድምጿ እስኪሰለል ተጣራች። ዘንዶ የለም አለች፤ የላይኛው ምንጭ ደህና ነው አለች፤ የሚበሏችሁ ጠባቂዎቻችሁ ናቸው አለች። ከታች ሰልፉ ዝም ብሎ ይጓዛል። ከርከሮ ከዛፉ ሥር ስታልፍ አንዷ ልጇ ቆም ብላ ወደ ላይ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ምን እያለች ነው?»

«ስለ ዘንዶው ነው» አለቻት እናቷ። «ፍጠኚ፣ ኋላ እንዳትቀሪ።»

ልጅቱም ሮጣ ከወንድሞቿ ጋር ተሰለፈች፤ ተያይዘው ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ገቡ።