የጅብ ጥርስ በሸንጎ

አንድ ጊዜ በጋው ጠንክሮ ምንጮች ሁሉ ሲነጥፉ፣ ከአንዲት ኩሬ በቀር የሚጠጣ ውኃ ጠፋ። አንበሳም «ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማንም ማንንም እንዳይነካ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። በአዋጁ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላት አህያ ነበረች። ከወለደች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ውርንጭላዋ ሲቆም አራቱን እግሮቹን እንደ ድንኳን ካስማ ወዲያና ወዲህ ይተክላል።

በማግስቱ ጅብ ሸንጎ ቆመ። «አዋጁ እኔን አይመለከትም፤ ውርንጭላው ይሰጠኝ» አለ። ጠበቃው ቀበሮ ነበረች። ብትረታለት የውርንጭላውን ጉበት ሊሰጣት ተዋውለዋል።

ቀበሮ ጅራቷን አስተካክላ ወደ በሬ ዞረች። «ተጠየቅ! ጋሽ በሬ፣ አንተ ፈጣሪህን የምትፈራ ሽማግሌ ነህ። ይህን የጅብ ጥርስ ማን ሠራው?»

«ፈጣሪ ነዋ!» አለ በሬ። «ሲፈጥረው ጀምሮ እንዳለ ነው። አንድ ጥርስ አልተጨመረ፣ አንድ አልተቀነሰ።»

ዝንጀሮ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ሳቀ። «ኧረ ጋሽ በሬ! የጅብ ቅድመ አያቶች ጥርስ እንዲህ አልነበረም። አጥንት መስበር የቻለው ጠግቦ ወለደ፤ ያልቻለው በረሃብ አለቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ በስንት ሺህ ትውልድ ጠነከረ።»

«አንተ ደግሞ፣ ሰው ልትሆን ስትል መንገድ ላይ ደክሞህ የቀረህ!» አለ በሬ።

«እሺ፣ አንተን አንዴ ሠርቶ ከጨረሰህ የላይኛው የፊት ጥርስህ የት አለ? ረሳው?»

በሬ ከንፈሩን ገጠመ። እውነትም የላይኛው ድዱ ከፊት በኩል ባዶ ነው። «አልረሳም! ሣር የምጠቀልልበት ምላስ ሰጥቶኛል፤ ምን ያደርግልኛል?»

ሸንጎው ለሁለት ተከፈለ። ፍየል ከበሬ ጋር ሆነች፤ ከርከሮ ከዝንጀሮ ጋር። ጩኸቱ ደመቀ። አህያ ግን ጅብን ታያለች። ሌሎቹ ሲከራከሩ አንድ እርምጃ ተጠጋ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ እርምጃ። ለሃጩን ይውጣል። ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ ገፍታ ከሆዷ ሥር አስገባችው።

«ይበቃል!» አለች ቀበሮ። «ጌታዬ አንበሳ፣ እኔ ከሁለቱም ጋር ነኝ። የጋሽ በሬ ነገር እውነት ከሆነ፣ ፈጣሪ ይህን ጥርስ የሰጠው ለአጥንት ነው፤ አለመብላት ሥራውን መናቅ ነው። የአያ ዝንጀሮ እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ዘሩ የተረፈው በመብላት ነው፤ ዛሬ ብንከለክለው ይጠፋል። በዚያም ሆነ በዚህ ውርንጭላው ይበላል።»

በሬ እውነተኛ ስለተባለ ደስ አለው። ዝንጀሮም እንደዚሁ። ስለዚህ አንዳቸውም አልተቃወሙም። አንበሳ ጎፈሩን አከከ። «ነገሩ ያስኬዳል» አለ።

አህያ ሸንጎ ፊት ተናግራ አታውቅም። ቢሆንም ወጣ ብላ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ግን ጥርስ በሁለቱም በኩል ከተፈቀደ፣ ኮቴስ? ፈጣሪ ከሠራኝ ይህን ኮቴ ያለ ምክንያት አልሰጠኝም። አያቶቼም በእርግጫ ከተረፉ፣ እኔ ዛሬ ብተወው ዘሬ ይጠፋል። ለእሱ የተፈቀደው ለእኔም ይፈቀድልኝ። የልጄ እግር ገና አልጠናም፤ በእሱ ፈንታ እኔ እቆማለሁ።»

ጅብ ፈነደቀ። «እሷ ትሻላለች! ሥጋዋ የልጇን ስንት እጥፍ ነው!»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ባላችሁ ተጠቀሙ» ሲል አንበሳ ፈረደ። «ከሳሽ ይቅደም።»

ጅብ አህያን አንድ ጊዜ ዞራት። ታፋዋን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«በፊት በኩል! አንገቷን ያዝ!» ብላ ቀበሮ ጮኸች።

«አሃ! ታፋውን ለራስሽ ልታስቀሪ ነዋ! የተዋዋልነው ጉበት ብቻ ነው!»

«አንተ ደደብ፣ ኮቴዋን እኮ...»

«ዝም በይ! አውቄብሻለሁ!» አለና ከኋላዋ ሄዶ አፉን በሰፊው ከፈተ።

አህያ ዞራ አላየችም። ትንፋሹ ታፋዋን ሲሞቃት ሁለቱን የኋላ እግሮቿን አንድ ላይ ወረወረች። ጅብ ተንከባሎ ኩሬው ውስጥ ገባ። አራት ጥርሶቹ ሣሩ ላይ ቀሩ። ቀበሮ መቼ እንደሄደች ያየ የለም።

«ከሳሽም ተከሳሽም ባላቸው ተጠቅመዋል» አለ አንበሳ። «መዝገቡ ተዘግቷል፤ አዋጁም በሁሉም ላይ ይጸናል።»

ሸንጎው ሲበተን በሬ አንገቱን ደፍቶ ወደ አህያ መጣ። «ልጄ፣ ዝንጀሮን ለመርታት ስል አንቺን ረሳሁሽ።»

«እኔም ጋሽ በሬን ለመርታት ስል» አለ ዝንጀሮ ከኋላው።

አህያ ውርንጭላዋን እያጠባች ነበር። «ክርክራችሁንስ ቀጥሉ፤ ሲሰሙት ደስ ይላል» አለች። «ጅብ ሲጠጋ ግን አንዳችሁ እንኳ ቀና በሉ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ፍጥረት እንዴት እንደተገኘ መከራከር ነውር ባይሆንም፣ ክርክራችንን ደካማን ለመዋጥ ፈቃድ አድርጎ የሚጠቀምበትን በጊዜ ማየት እንዳለብን ነው።