ቡሬና ዳለቻ

ተረት ተረት፣ የበሬዎች በረት። ቡሬና ዳለቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩ። ጌቶቻቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ጎረቤታሞች ስለነበሩ አቀናጅተው ያርሱባቸዋል።

ቡሬ ቁጡ ነው። ዳለቻ አንገቱን እያዘነበለ ወደ ኋላ ሲቀር ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። አንድ ማታ ገለባ እያኘኩ ሳለ፣ «አንተ እኮ አትጎትትም። አንተንም ሞፈሩንም የምጎትተው እኔ ነኝ» አለው።

ዝምተኛው ዳለቻ፣ «ነገ በእኔ በኩል፣ በግራ ቁም» ብቻ አለው።

በማግስቱ ቡሬ በግራ ተጠመደ። ትልሙን ገና ሳያጋምስ ከቀንበሩ ሥር ያለች ጉጥ አንገቱን ትወጋው ጀመር። ሲብስበት እሱም አንገቱን አዘነበለ። ማታ በረት ሲገቡ የዳለቻን የቆየ የአንገት ቁስል ላሰለት።

ሲነጋ የቡሬ ጌታ ቀንበሩን ይዞ ሲመጣ ሁለቱም ወደ ግራ ተጋፉ።

«ዛሬም እኔ ልቁምበት» አለ ቡሬ።

«ትናንት ውለህበታል፣ ዞር በል» አለ ዳለቻ።

ገበሬው ግራ ገባው። ሊያለያያቸው ቀንበሩን በግራ ጫፉ ይዞ ቢያነሳው ጉጧ መዳፉን ወጋችው። መዳፉን እያሻሸ የሁለቱንም አንገት ተራ በተራ አየና፣ መጥረቢያ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ተመለሰ።