በአሚን መሀል የተነሳው ፎቶ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ገና ከሰው አፍ ባልጠፋ ወቅት፣ ደሴ ላይ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ይሠሩ ነበር።

ታላቁ ይመር የተበላሸ ነገር ካላገኘ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። ሬዲዮም ይሁን ካሜራ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምኑ ነው የማይሠራው?» ብሎ ነው፤ ሁሉም ይሠራል ካሉት ቅር ይለዋል። መካከለኛዋ ሉባባ ሰው ታናግራለች። ተኮሳትሮ የገባ ሙሽራ ስቆ የሚወጣው በእሷ ምላስ ነው። ታናሹ እንድሪስ ደግሞ ዝም ብሎ ያያል። እህቱ «ከማየት ሌላ ሙያ የለውም» እያለች ትቀልድበታለች፤ ደንበኛው ግን «ያ ዝምተኛው ያንሳን» ነው የሚለው።

እናታቸው የሞተችው እንድሪስ ጡት ሳይጥል ነው። ያሳደጓቸው አክስታቸው እትዬ ጦይባ ናቸው፤ እናት ስለሆኗቸውም ሦስቱም አንቺ ይሏቸዋል። ታዲያ እኒህ ሴትዮ ሦስት ፎቶ አንሺዎች አሳድገው እሳቸው ፎቶ አይነሱም። ለመታወቂያ ተገደው የተነሱት አንድ ጉርድ ፎቶ አላቸው፣ እሱንም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የተነሱት።

ምክንያት አላቸው። እህታቸው፣ የልጆቹ እናት፣ በአንድ ዒድ አምራና ደምቃ ፎቶ ተነሳች፤ ፎቶው ታጥቦ ሳይመጣ ታማ ሞተች። «እህቴን ያ ፎቶ ነው የወሰዳት» ይላሉ እትዬ ጦይባ፣ ማንም ቢመክራቸው አይሰሙም። ስልክ ከኪስ ሲወጣ ከሩቅ ይነቃሉ። ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ በድብቅ ላንሳቸው ያለ ሁሉ ሻሽ አንስቶ ነው የተመለሰው።

እንግዲህ እትዬ ጦይባ ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና እንዲያደርጉ ነገሯቸው፤ አደጋ እንዳለውም አልደበቁም። ልጆቹ ፎቶ ቤቱን ዘግተው ተቀመጡ።

«ካልተመለሰች ፊቷን በምን እናያለን?» አለ እንድሪስ።

«አፍህን ያዝ!» አለችው ሉባባ። ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ ገብታ አለቀሰች፤ እሷም ያንኑ ስታስብ ነበርና።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ምህረቱ ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። በጡረታ የተገለሉ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ከብብታቸው ያወጡትም ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ነው። ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቁት በቅርጹ ያውቁታል። ትንሽ፣ ከባድ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ነው። ሲያነሳ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። ራሱ ግን አያነጣጥርም። በትንሿ መስኮቱ ስታዩ ፊታችሁ ያለው ሰው ሁለት ሆኖ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይታያችኋል። የሌንሱን ቀለበት እያዞራችሁ ሁለቱን አንድ ስታደርጓቸው፣ ያን ጊዜ ፎቶው ይጠራል።

ዋጋውን ሲናገሩ ሉባባ ወንበር ፈለገች።

«ለምን ይሸጡታል ጋሼ?» አለ ይመር። ጥያቄው የእሱ ነው፣ ታውቃላችሁ።

«ዓይኔ ከዳኝ ልጄ። ከባለፈው ክረምት ወዲህ የማነሳው ሁሉ ብዥ ይላል።»

ሐኪም ዘንድ ሄደዋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ ወሬ ቀየሩ። የሚነገራቸውን ፈርተው ነው።

እንድሪስ ካሜራውን አንስቶ መልሶ ማስቀመጥ አቃተው። ሉባባ «ያለን መቼ ፎቶ አላነሳም አለ? በዚህ ዋጋ አሮጌ ዕቃ!» አለች። ይመር «አንድ ነገር ሳይኖርበትማ አይቀርም» አለ። ጋሽ ምህረቱ ክርክራቸውን ሰምተው፣ የአክስታቸውንም ነገር ጠይቀው ተረዱና እንዲህ አሉ፤ «ይዛችሁት ቆዩ፣ ሞክሩት። አክስታችሁ ደህና እስክትመለስ አልቸኩልም። የምሸጠው ግን ለአንዳችሁ እንጂ ለፎቶ ቤቱ አይደለም። ከእጅ እጅ ሲዞር ይበላሽብኛል።»

ከዚህ በኋላ እያንዳንዳቸው ያደረጉትን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ሦስቱም የሚያስመሰግን ነገር ሠርተዋል፣ ሦስቱም ሳያስፈቅዱ።

ይመር የሻይ ብርጭቆዎችን ጠረጴዛው ላይ አንዱን ከአንዱ ወደ ኋላ እያራቀ ደረደረና በመሀለኛው ላይ አነጣጥሮ አነሳ። በትንሿ መስኮት ሁለቱ ምስሎች ልክ ገጥመው ነበር። ፎቶው ላይ የጠራው ግን መሀለኛው ሳይሆን ከኋላው ያለው ብርጭቆ ሆነ። ደጋገመው፤ ያው ነው። መስኮቷ ትዋሻለች ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመልሳል። ይመር ግን ቀጭን መፍቻ አነሳ። ቢሰብረው ፎቶ ቤቱን ሸጠው እንኳ አይከፍሉትም፤ ባለቤቱንም አላስፈቀደም። ሆኖም ከፈተው፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ብሎን በጥቂቱ አዞረ፣ መልሶ ዘጋው። ቀጥሎ ሲያነሳ መሀለኛዋ ብርጭቆ ላይ የቀረችው የሻይ ቅጠል ሳትቀር ጠርታ ወጣች። ይመር ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ አጠበ።

የሉባባ ተራ የመጣው እትዬ ጦይባ በሚሄዱበት ጠዋት ነው። ካሜራው ቢጠራ ምን ዋጋ አለው፣ ሴትዮዋ ከሸፈኑ? ሉባባ ሌሊቱን ስታስብ አድራ አንድ ነገር ታያት። እትዬ ጦይባ ሲመርቁ ፊታቸውን አይሸፍኑም። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ቀና ብለው ነው የሚመርቁት፤ ምርቃት ከጀመሩ ደግሞ ጣሪያው ቢወርድ አያቋርጡም። እናም ሉባባ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል አስቀመጠቻቸውና እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ሳትሄጂ መርቂን።»

ምርቃት የፈለገችው ከልቧ ነው፤ ወጥመድ አድርጋ ያሰናዳችውም እሷ ናት። ሁለቱም እውነት ነው፣ እኔ አንዱን ደብቄ ሌላውን አልነግራችሁም። አክስቷ ቢነቁባት ምናልባት ዳግም አያምኗትም ነበር። ምናልባት ደግሞ የመጨረሻ ንግግራቸው ያ ቁጣ ይሆን ነበር።

እንድሪስ በበሩ ጎን ካሜራውን ይዞ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አሉት እትዬ ጦይባ።

«የጋሽ ምህረቱ ዕቃ ነው፣ ይመር ጠግኖት።»

«ይሄ ሬዲዮ ደግሞ አልሠራ አለ?» አሉና ተዉት። እንድሪስም ሬዲዮ አይደለም አላለም።

ምርቃቱ ተጀመረ። «አላህ ያፋቅራችሁ።» አሚን። «ሥራችሁን በረካ ያድርገው።» አሚን። ይመርና ሉባባ መዳፋቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ። ምርቃት የሚቀበሉት እጅ ዘርግቶ ነው፤ ይህን በዚያ ቤት የማያውቅ የለም፣ እንድሪስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። ያሳደጉት ሴት ላይመለሱ በሚችሉበት ጠዋት የወንድሙና የእህቱ እጅ ተዘርግቶ የእሱ እጅ ካሜራው ላይ ነበር። በትንሿ መስኮት ሁለት እትዬ ጦይባ ታዩት፣ አንዷ የምትሄድ፣ አንዷ የምትቀር መሰሉት። ቀለበቱን በጣቱ ገፋ አድርጎ አንድ አደረጋቸው። ግን አላነሳም፣ ጠበቀ።

«እኔንም በሰላም መልሶ ፊታችሁን ያሳየኝ» አሉ እትዬ ጦይባ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

«አሚን!» አሉ ልጆቹ። በአሚኑ መሀል እንድሪስ አንድ ጊዜ ተጫነው። ያችው ናት፣ ሌላ አላነሳም። እትዬ ጦይባ አልሰሙም።

ሉባባ አክስቷን ይዛ ሄደች። ስትሄድ ይመርን ጠርታ «እስክትመለስ እንዳታትሙት» አለችው በጆሮው። ያ የዒዱ ፎቶ ወሬ ለካ እሷንም ይዟታል። ይመር ሊስቅባት አሰበና ተወው። እሱም አላተመም።

ከዚያ የስልክ ጥበቃ ሆነ። ፎቶ ቤት የገባው ደንበኛ ሁሉ በዚያ ሰሞን የተነሳው ፎቶ ደህና ከሆነ በአላህ ተአምር ነው። በመጨረሻ ሉባባ ደወለች።

«ወጥታለች። ዓይኗን ገልጣለች። አብሽሩ።»

ይመር መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እንድሪስ ይስቅ ጀመር፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ልቅሶው እንደገና ሳቅ ሆነ። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ክራቫት አስሮ የተቀመጠው ሰውዬ ነገሩን ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ። እኔም ይህን ስሰማ እፎይ ብያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

እትዬ ጦይባ ቀጠን ብለው፣ ግን በእግራቸው እየሄዱ ተመለሱ። ያን ጊዜ ፎቶው ታተመ። ሦስቱም ሊያሳዩ ፈርተው እርስ በርስ ሲገፋፉ ሴትዮዋ ራሳቸው ከእንድሪስ እጅ ነጠቁት። ቀረብ አድርገው አዩት። ቀና ያለ ፊት፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ ዓይናቸው ላይ እንባ አቅርሮ።

«እህቴን እመስላለሁ» አሉ። ከዚያ ድንገት፣ «ለካስ ሰው ፎቶ ተነስቶም ይድናል!» ብለው የተሰፋ ደረታቸውን ይዘው ሳቁ። «ወይኔ፣ አታስቁኝ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሻሽ ስስብ!»

ሳቁ ሲበርድ ፎቶውን እንደገና አዩና እንድሪስን ጠሩት።

«አንተ፣ ያኔ እጅህ የት ነበር?»

«ካሜራው ላይ።»

«አሚን አላልክማ።»

«በልቤ ብያለሁ።»

«በል ዘርጋ!» አሉትና ለብቻው መረቁት። ይህን ያየችው ሉባባ በኋላ «ታዲያ ምን ጎደለበት?» ብላለች፤ ይመር ደግሞ «ያኔ ምርቃቱ እንደሚመለስለት አያውቅም ነበር» ብሏታል።

ካሜራው ይገዛ አይገዛ የሚለው ክርክር በዚያ ቀን አበቃ፤ ይገዛል። ለማን ይሁን የሚለው ግን ያኔ ጀመረ። ይመር «ባልከፍተው የእትዬ ፊት ሳይሆን ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነበር የሚጠራው» አለ። ሉባባ «ፊቷን ማን ገለጠላችሁ? ሻሽ ነበር የምታነሱት» አለች። እንድሪስ «ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ። ፍርዱን ለእትዬ ጦይባ ቢያቀርቡ፣ «ሳታስፈቅዱኝ አንስታችሁኝ ደግሞ ዳኛ ልታደርጉኝ? እኔ ፊቴን አዋጥቻለሁ፣ ይበቃኛል» ብለው አባረሯቸው።

ሦስቱ ሳይስማሙ ካሜራውንና ፎቶውን ይዘው ጋሽ ምህረቱ ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«በእኔ ካሜራ ነው ይሄ?»

እዚህ ላይ ይመር ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ቢል አንድ ስም ተጠርቶ ሽያጩ ያልቃል። እሱ ግን አልደበቀም።

«ጋሼ፣ ሳላስፈቅድዎ ከፍቼዋለሁ። ብዥ የሚለው ዓይንዎ አይደለም። መስኮቷ ልኳን ስታ ነበር።»

ጋሽ ምህረቱ ካሜራውን ከጠረጴዛው አነሱ፣ በር ላይ ወደቆመችው ሉባባ አዞሩት፣ ቀለበቱን ገፋ መለስ አድርገው ተጫኑት። የወጣውን ምስል እያሰፉ፣ እያሰፉ አዩት፣ የዓይኗ ሽፋሽፍት እስኪቆጠር ድረስ።

«ዓይኔ ደህና ነው» አሉ። «ልጆች፣ ዓይኔ ደህና ነው እኮ!» እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ሦስቱም አብረው አለቀሱ፤ ካሜራ ሊገዙ የሄዱ ሰዎች።

ቆይተው እንባቸውን ጠረጉ። «ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «እሸጣለሁ ብያለሁ፣ እሸጣለሁ። የአንዳችሁን ስም ንገሩኝ።»

እንዲህ ሲሉ የካሜራውን ማንገቻ በእጃቸው አንጓ ላይ ጠምጥመውት ነበር፤ መጠምጠማቸውንም ያወቁት አይመስለኝም። ልጆቹ ግን አይተዋል። ምላሰኛዋ ሉባባ እንኳ ስም አልጠራችም።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። ይመር በሰው ዕቃ ውስጥ ገብቶ የተደበቀውን ስህተት አወጣ፣ ካሜራው ሊያመልጠው እንደሚችል እያወቀም እውነቱን ተናገረ። ሉባባ የአክስቷን እምነት አስይዛ ማንም ያላየውን ፊት ገለጠች። እንድሪስ ምርቃቱ ሊቀርበት ፈቅዶ ያቺን አንዲት ቅጽበት ያዘ። ጋሽ ምህረቱ ደግሞ ካሜራውን ያወጡት ዓይኔ ጠፋ ብለው ነው፤ ዓይናቸው ግን አልጠፋም፣ ቃላቸውም አልታጠፈም። ስም እየተጠበቀ ነው። እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር? ካሜራው ለማን ይገባል?