አንጓች ከግጥሙ የቀረችበት ድግስ

ተረት ተረት።
— አምጪልን ከተደበቀበት።

በድሮ ዘመን አንጓችና ደብሪቱ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። ከአንድ ምንጭ ውሃ እየቀዱ አደጉና በአንድ ሳምንት ተዳሩ። ከዚያም የአንጓች ባል ሞተና ብቻዋን ቀረች። የደብሪቱ ባል ባላምባራስ ደምሴ ግን ነበሩ። መኖር ከተባለ ማለቴ ነው። ሲያስነጥሱ እንኳ ሰው ሁሉ እንዲነሣላቸው የሚፈልጉ ሰው ነበሩ።

አንድ ክረምት ደብሪቱን ፈንጣጣ ያዛት። ባላምባራስ ከደጅ ቆሙና አፍንጫቸውን በኩታቸው ይዘው፦ «በሉ፣ ከማሳው ዳር ጎጆ ቀልሱላትና ውሰዷት» አሉ። ከዚያም በቅሏቸውን አስጭነው እህታቸው አገር ገቡ። ጀግና ናቸው መቼም።

አንጓች ይህን ሰማችና እንስራዋን አዝላ ወደ ጎጆው ተነሣች። ጎረቤቶቿም፦ «አንቺ ፈንጣጣ ወጥቶብሽ አያውቅም። ትሞቻለሽ» አሏት።

«ብሞትስ» አለች። ፈርታ ነበር። ግን ደብሪቱ ብቻዋን ሆና ውሃ ውሃ ስትል ታያትና መመለስ አቃታት።

ደብሪቱም ገና ስታያት፦ «ሂጂልኝ፣ አትግቢ» አለቻት።

«ዝም በይና አፍሽን ክፈቺ» አለችና አጥሚት አጠጣቻት።

ሃያ ቀን አስታመመቻት። ደብሪቱ ስትነሣ አንጓች ወደቀች። አሁን ደግሞ ያቺ ይህቺን ታገላብጥ ጀመር። ሁለቱም ዳኑ። የአንጓች ግራ ዓይን ግን ጠፋ።

መስከረም ሲጠባ ባላምባራስ ተመለሱ። ሚስታቸው መዳኗን ሲሰሙ ደገሱና አዝማሪ ጠሩ። አንጓችን በር ጥግ አስቀመጧት። አዝማሪውም ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ ባላምባራስ በጾምና በስለት ሚስታቸውን ከሞት መንጠቃቸውን አዜመ። በዘፈኑ ውስጥ በቅሎዋ እንኳ ስም ነበራት። አንጓች ግን የለችም። ሆዱን የሞላው እንግዳ ሁሉ አጨበጨበ። ደብሪቱን ተሸክመው የጣሏትም አብረው አጨበጨቡ። አንጓች ጠላዋን ይዛ አቀረቀረች። ዓይኗ የጠፋ ለታ እንኳ እንዲህ አላመማትም።

ደብሪቱ ከመደቡ ተነሣችና፦ «አዝማሪ፣ አንጓችን የት ጣልካት?» አለችው።

አዝማሪውም፦ «እመቤቴ፣ የሁለት ሴቶች ወዳጅነት ግጥም አይሆንም። ባል ካልተናጠቁ ማን ይሰማል?» አላት።

ደብሪቱ ወደ በሩ ዞረች። የዕድሜ ልክ አንቱታዋን ትታ፣ ባላምባራስን በጣቷ እያሳየች፦ «አንጓች፣ ይኸን ሰው ትፈልጊዋለሽ?» አለቻት።

አንጓችም ቀና አለችና በቀረችው ዓይኗ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። አልቸኮለችም።

«ምን ላደርገው» አለች።

«እኔም አልፈልገውም» አለች ደብሪቱ። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ባላምባራስ ዋንጫቸውን እንደያዙ ተገትረው ቀሩ። የሚነሣላቸውም ጠፋ።

ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ። ደብሪቱ ሽማግሌዎቹን እያበላች ሸኘቻቸው። ሁለቱ ሴቶችም ጥርሳቸው እስኪረግፍ በአንድ ጣራ ሥር ኖሩ፤ እየተጣሉና እየታረቁ፣ መንደሩንም አንድ በአንድ እያሙ።

ተረቴን ውሰዱ፣ አፌን ግን ባዶውን አትስደዱ፤ ከቆሎውም ከቂጣውም አቅምሱኝ።